ሁለት ክቦች በአማኑ ዲስክ ላይ

ዓርብ ግንቦት 14 ቀን 2001፣ ጠዋት 3፡10

ጥቁር ስክሪን። እንደገና ጥቁር። ሦስተኛ ሞከርኩ፤ የጌም ማሽኑ ክርር ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና ዲስክ አላስገባህም አለኝ። አስገብቻለሁ። በዚህ በገዛ እጄ።

የተማሪዎቼን ደብተር ከማረሜ በፊት አንድ ጨዋታ ብቻ ብዬ ነበር የተነሳሁት። መብራት በፈረቃ ነው፤ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ዛሬ ያልተጫወተ ነገ አይጫወትም። ዲስኩን አውጥቼ ገለበጥኩት። በሚያብለጨልጨው በኩል ክብ ጭረት አለ። በኮምፓስ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ረቡዕ ጠዋት ስጫወት አልነበረም። ወይስ ነበር?

በሸሚዜ ጠረግኩት። እፍ አልኩበት። በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ክቡ እዚያው ነው።

አጀንዳ፣ አንተ ደግሞ ዛሬ ቅዳሜ ነው ትላለህ። አልፈርድብህም፤ ቀን አቆጣጠርህ የ1996 ነው። እማዬ ከት/ቤት ጸሐፊነቷ ጡረታ ስትወጣ ከመሳቢያዋ ይዛህ መጣች። ግን ዛሬ እንኳ አንድ ነገር በትክክል የሚነግረኝ ባገኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ይህ ዲስክ የእኔ አይደለም። ማሽኑም የእኔ አይደለም። የአማኑ ናቸው።

ያው ዓርብ፣ ማታ 12፡20

ከት/ቤት ገባሁ። ከሰዓት ስድስተኛ ሐ ክፍል ስለ ክብ ዙሪያ አስተማርኩ። ሰሌዳው ላይ ክብ በሣልኩ ቁጥር ወዲያው አጠፋዋለሁ። ልጆቹ መ/ር ሄኖክ ዛሬ ምን ነካው ሳይሉ አልቀሩም።

ነገሩን በደንብ ልጻፍልህ፤ ምናልባት ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል። አማኑ የጓደኛዬ የታሪኩ ታናሽ ወንድም ነው። ነበር። አምና ግንቦት 30 ወባ በአንድ ሳምንት ወሰደችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሦስታችን ቡሹሎ ሰፈር እነሱ ቤት ስንት ቅዳሜ በዚህ የኳስ ጨዋታ ጨርሰናል። እናቱ እትዬ አስቴር ከሞተ በኋላ ማሽኑን ማየት አልቻለችም። ስለዚህ ታሪኩ ለመንገድ ሥራ ዲላ ሲሄድ ማሽኑን፣ ዲስኩንና ካርዱን በአንድ ፌስታል ይዞልኝ መጣ።

ካርድ የምልህ ጨዋታው የሚቀመጥባት፣ የክብሪት ቀፎ የማታክል ነገር ናት። የአማኑ ሊግ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። አማኑ የራሱን ቡድን ሠርቶ ስሙን ቡሹሎ አለው። ተጫዋቾቹ እኛ ነን። አጥቂው ታሪኩ። ግራ ተመላላሹ እኔ፤ ሆን ብሎ ቀርፋፋ አድርጎኛል። በረኛው ራሱ አማኑ። አሠልጣኙ ላይ ደግሞ የእናቱን ስም ጽፏል። ሠላሳ ጨዋታ ተጫውቷል። ቡሹሎ ሁለተኛ ነው። ከዚያ ታመመ።

ታሪኩ ማሽኑን ሲሰጠኝ ያለኝ አንድ ነገር ነው። በራስህ ቡድን የፈለግከውን ያህል ተጫወት፣ የአማኑን ሊግ ግን አትክፈት። ዓመቱ ሲደርስ መጥቼ ሠላሳ አንደኛውን ጨዋታ እናቴ እያየች እጫወታለሁ አለኝ። እሷም ራሷ ጠይቃዋለች። ልጄ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር አሳዩኝ ብላ።

ግንቦት 30። አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

ቅዳሜ ግንቦት 15፣ ጠዋት 4 ሰዓት

መብራት የለም። በቀን ብርሃን ዲስክ ሳክም አረፈድኩ።

ስቴሽነሪ የሚሠራው ጎረቤታችን የጥርስ ሳሙና ቀባው አለኝ። ሚስቱ የሙዝ ልጣጭ አለች። የት/ቤቱ ዘበኛ ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩት ብሎ መክሮኛል፣ እሱ ቤት ፍሪዘርም ዲስክም የለም። ሁሉም በሙሉ ልብ ነው የሚናገሩት። ማንን ልመን?

የጥርስ ሳሙናውን መረጥኩ። በጥጥ አድርጌ ጭረቱን ተከትዬ ዞር ዞር፣ ዞር ዞር እያደረግኩ አሸሁት። ግማሽ ሰዓት። በውሃ ለቀለቅኩት። ዲስኩ ሽታው የሚጥም ሆነ። ክቡ ግን አለ፣ አሁን ደግሞ ዙሪያውን ጭጋግ ለብሷል።

እማዬ በበሩ አልፋ አየችኝና ሳቀች። ማሽኑ ጥርስ አወጣ ወይ ብላ። ሰሞኑን ደስተኛ ናት። ረቡዕ በሚካኤል ማህበሯ ተራዋ ነበር፣ አምሮላት ዋለ፣ ሴቶቹ አመስግነው ነው የሄዱት። እኔ ከት/ቤት ስመለስ ቤቱ ገና ጠላ ጠላ ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳሎኑ ውስጥ እየገባች ትቆምና ታየኛለች። ምን እንደምትጠብቅ አላውቅም።

እሑድ ግንቦት 16፣ ጠዋት 2፡30

መብራት አለ። ዲስክ የለም። ማለቴ አለ፣ አይነበብም። ቀድሞ ክርር ይል ነበር፣ አሁን እሱም ቀርቷል። አበላሸሁት። የነበረውንም አበላሸሁት።

ስለ ምክንያቱ ሳስብ ራሴ ዞረ። አንደኛ፣ መብራት ኃይል። ረቡዕ ከሰዓት መብራቱ ድንገት ነው የሄደው፤ ሲሄድ ማሽኑ ውስጥ የሆነ ነገር ወድቆ ጭሮት ይሆን? ሁለተኛ፣ አቧራ። ሦስተኛ፣ ከማህበርተኞቹ ጋር የመጣ ሕፃን። ግን ሕፃን አልመጣም፣ እማዬን ጠይቄያለሁ። አራተኛ፣ ማሽኑ ራሱ አርጅቷል። ድሮም አመለኛ ነው። አንዳንድ ቀን ወዲያው ያነባል፣ አንዳንድ ቀን አምስት ጊዜ ያስለምናል። አማኑ እንዲያውም በጎኑ አቁሞ ትራስ አስደግፎት ነበር የሚጫወተው። ምነው ስንለው ይስቃል። ሪህ ስላለበት ነው ይለናል። እኔ ቤት ሲመጣ እንደ ዕቃ ወጉ ቡፌው ላይ አስተኛሁት።

አምስተኛ ምክንያት አለ። እሱን ዛሬ አልጽፍም።

ማክሰኞ ግንቦት 18፣ ጠዋት 5 ሰዓት

ታሪኩ ደወለ። ከዲላ፣ ነፋስ እየበዛበት። ቅዳሜ 29 ይገባል። እናቱ ለእሑድ ዘመድ ጠርታለች። ስሟ ስክሪኑ ላይ ተጽፎ እንዳለ ስለነገራት ለጎረቤት ሁሉ እያወራች ነው፤ ልጄ አሠልጣኝ አድርጎኝ ነበር እያለች። ቤታቸው ያለው ቴሌቪዥን ስለተበላሸ እናንተ ቤት እንሰብሰብ፣ እናትህን አስፈቅድልኝ አለኝ። ማሽኑ ደህና ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ደህና ነው አልኩት።

አፌ ነው ያለው። ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። አፍሬያለሁ። ሌላ ቃል የለውም።

እንግዲህ አምስተኛውን ልጻፍ፣ ላንተም ዋሽቼ የት ልደርስ ነው። ረቡዕ ጠዋት የተጫወትኩት በራሴ ቡድን አልነበረም። የአማኑን ሊግ ከፍቼ ነበር። ሠላሳ አንደኛውን ጨዋታ። ለምን? አላውቅም። ልሰርቀው አይደለም፣ ሳላስቀምጠው ልወጣ ነበር። በረኛውን ማየት ፈልጌ ነው። ስሙ ከጀርባው ተጽፎ ሲወረወር ማየት ፈልጌ ነው። አየሁት። አንድ ኳስ በጣቱ ጫፍ አወጣ። ብቻዬን ጎበዝ አልኩት፣ ጮክ ብዬ።

ሰባኛው ደቂቃ ላይ ቡሹሎ ሁለት ለአንድ እየመራ ሳለ እማዬ ሴቶቹ ሊመጡ ነው፣ ሳሎኑን ልቀቅልኝ አለች። እኔም ት/ቤት ረፍዶብኛል። ማስቀመጥ አልችልም፣ ታሪኩ ያውቅብኛል። ማጥፋት ደግሞ አንጀቴ እምቢ አለ፤ እየመራን ነው። ጨዋታውን አቆምኩትና ቴሌቪዥኑን ብቻ አጠፋሁ። ማሽኑን እንደበራ ትቼው ሄድኩ፣ ከት/ቤት መጥቼ ልጨርሰው። ስመለስ መብራት ጠፍቷል፣ ጨዋታውም አብሮ ሄዷል። በቃ፣ ማንም ሳያውቅ አለፈ ብዬ ነበር።

ይኸው እንግዲህ።

ሐሙስ ግንቦት 20፣ ከሰዓት 9 ሰዓት

በዓል። ጠዋት መምህራን በሙሉ ከተማሪ ጋር ሰልፍ ወጣን፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ንግግሩ ሲያልቅ ሾልኬ መናኸሪያ ሄድኩ። ጋሽ ከድር በዓል አያውቁም፣ ሱቃቸው ክፍት ነበር። ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናሉ። የእማዬን ሬዲዮ ስንት ጊዜ ከሞት እንዳስነሱት እሷ ታውቃለች። ስለ ጌም አንዳች አያውቁም፣ ዲስክ ግን ያው ዲስክ ነው አሉ።

የሰዓት ሠሪ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አዩት። ለረጅም ጊዜ። ውጭ ረዳቶቹ ሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ ይጮኻሉ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ይሄ ጭጋግ ምንድነው ብለው ነው። የጥርስ ሳሙናውን ነገርኳቸው። እያዞርክ ነው ያሸኸው አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ነበር መታሸት ያለበት፤ እኔ ጭረት ላይ ጭረት ስጨምር ነው የዋልኩት።

ከዚያ የተናገሩትን ቃል በቃል ልጻፈው።

«ይሄ የሰው እጅ አይደለም። የሰው እጅ ሲጭር እንዲህ አስተካክሎ ክብ አይሠራም። ዲስኩ እየዞረ ሳለ ማሽኑን ያነሳው ሰው አለ። ሲነሳ ዲስኩ ተንገዳግዶ ከሚያነበው የውስጥ ዓይን ጋር ይነካካል። አንዴ ይበቃል።»

ማንም አላነሳውም አልኳቸው። እሳቸውም መነጽሩን ለእኔ ሰጡኝና እየው አሉ። ክቦቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ትኩስ ነው። ሌላው ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ የደበዘዘ፣ የቆየ። ዓመት ሁለት ዓመት ይሆነዋል አሉ።

ሁለት? የቆየውን ማን አመጣው? አማኑ ዲስኩን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው፣ እኛን እንኳ አያስነካም። ጭራሽ ግራ ገባኝ። ዲስኩን ለማክሰኞ ና ብለው አስቀሩት። ተስፋ አልሰጡኝም፣ እምቢም አላሉኝም።

ዓርብ ግንቦት 21፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ገባኝ። ምነው ባልገባኝ።

ዳቦዬን ይዤ ሳሎን ተቀምጬ ማሽኑን እያየሁ ነበር። ማን ያነሳሃል፣ ማን ይነካሃል እያልኩ። ከሥሩ ነጭ ነገር አለ። ዳንቴል። በስኳር ውሃ የደረቀ፣ ጫፉ ሞገድ ሞገድ የሆነ፣ በማሽኑ ልክ የተሠራ። ቴሌቪዥኑ ላይ አለ፣ ሬዲዮው ላይ አለ፣ ሶፋው ክንድ ላይ ሁሉ አለ፣ እኛ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ እኔ ብቻ ነኝ። ለዚያ ነው ዓይኔ ያላየው። ማሽኑ ግን እስካሁን አልነበረውም። ሥራ ማስፈቻ ነው ስለምትለው እማዬ ነፍጋው ቆይታለች።

መቼ ሠራሽው አልኳት። ፊቷ በራ። ዘጠኝ ቀን እስካይ ስትጠብቅ ነበር ለካ። ረቡዕ ሴቶቹ ሊገቡ ሲሉ ነው ያነጠፈችው። የልጄ ዕቃ በሰው ፊት ራቁቱን አይሁን ብላ። የሞተ ልጅ አደራ ስለሆነም ነው አለች። በሁለት እጇ እንደ እንቁላል አንስታ፣ አንጥፋ፣ መልሳ አስቀመጠችው። እንዴት እንደተጠነቀቀች በእጇ አሳየችኝ።

በርቶ ነበር እንዴ አላልኳትም። ቴሌቪዥኑ ጨለማ ነበር፣ በምን ታውቃለች።

ቆንጆ ነው እማዬ አልኳት። ቆንጆም ነው። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ ቧንቧው ጋ ቆምኩ። ልናደድ ፈለግኩ፣ በማን እንደምናደድ አጣሁ። በእሷ? በዚያ ዳንቴል? ማሽኑን አብርቶ የሄደው እኔ። አትክፈት የተባለውን የከፈተው እኔ። እሷ አንድ ጊዜ የሰው አደራ አከበረች፣ በዚያው ሰበረችው። ብነግራት ዳንቴሎቿን ሁሉ ሰብስባ ሳጥን ውስጥ ትከታቸዋለች፣ አውቃታለሁ። እትዬ አስቴር እግር ላይም ትወድቃለች። ባልነግራት ደግሞ ከእሷ ጀርባ የሆነ ነገር የደበቅኩ ይመስለኛል።

ነግሬ ልገላገል? ለማን ብዬ ነው የምነግራት፣ ለእሷ ወይስ ለእኔ?

ቅዳሜ ግንቦት 22፣ 6 ሰዓት

መብራት ነበር። ከመናኸሪያ ጀርባ ካለው ጌም ቤት ያንኑ ጨዋታ ተዋስኩ፣ ሽፋኑ አንድ፣ ሥዕሉ አንድ። ወዲያው አነበበ። ልቤ ዘለለ። ካርዱን ስሰካ ግን ባዶ ነው አለ። ጌም ቤቱ ያለው ልጅ እንደነገረኝ የአማኑ ዲስክ አንድ ሰው የአገራችንን ቡድኖች እየጨመረ አሻሽሎ ያባዛው ነው፤ በዚያ የተጫወቱት በሌላው አይከፈትም። እንዲህ ዓይነቱ አሁን ገበያ ላይ የለም።

ስለዚህ አማኑ ካርዱ ውስጥ አለ፣ በሩ ደግሞ ያ ዲስክ ብቻ ነው።

እማዬ ለግንቦት 30 ሰው ይመጣል ስላልኳት ከአሁኑ መጋረጃ አውርዳ እያጠበች ነው። ለአማኑ እናት ወንበሩን እዚህ ነው የማደርግላት፣ ወይስ እዚያ ትለኛለች። ወዲያም ወዲህም ደህና ነው እላታለሁ።

ረቡዕ ግንቦት 26፣ ጠዋት 2፡50

ጋሽ ከድር ትናንት ዲስኩን መለሱልኝ። የሰዓት መስታወት በሚያጠሩበት ነገር በጨርቅ አሽተው፣ ከመሃል ወደ ዳር። የእኔ ጭጋግ ለቋል። ክቦቹ ሁለቱም አሉ፣ ቀጥነዋል። ከዚህ በላይ ካሸሁት ይበሳል አሉኝ።

ዛሬ ሞከርኩ። ክርር አለ። አሰበ። የጨዋታው ሙዚቃ መጣ። ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ስታዲየሙ ታየ፣ ደረቀ። ሁለተኛ፣ ደረቀ። ሦስተኛ፣ ጥቁር። ከዚያ በኋላ አልሞከርኩም፣ ፈራሁት።

ታሪኩ ቅዳሜ ይገባል። እሑድ ስንት ሰው እዚህ ሳሎን ተቀምጦ ጥቁር ስክሪን ያያል? እናቱ ያን ጥቁር ነገር እያየች ምን ትላለች? አንዴ ቀብራዋለች፣ በእኔ ምክንያት ሁለተኛ ልትቀብር ነው?

ነገ ጠዋት ቡሹሎ እሄዳለሁ። ሰው ፊት ከምትሰማው ብቻዋን ትስማው። ምን እንደምል አላውቅም።

ሐሙስ ግንቦት 27፣ 6 ሰዓት

ከቡሹሎ አሁን ተመለስኩ። ት/ቤት ሳልሄድ መጻፍ አለብኝ።

በጋሪ ሄድኩ። እትዬ አስቴር ጓሮ ጎመን እየቀጠፈች ነበር። ዳኤ ቡሹ አለችኝ፣ እንደ ድሮው እንኳን ደህና መጣህ በሲዳምኛ፣ ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሳመችኝ። ውስጥ ገባን። የአማኑ አልጋ እንደተነጠፈ ነው። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ውሃ በላው። ዲስኩ ተጭሯል፣ እሑድ ላይከፈት ይችላል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። እማዬን አላነሳሁም። መሬት መሬት እያየሁ ነው የተናገርኩት።

እሷ ግን ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ።

«ትራስ አደረግህለት?»

አልገባኝም። የምን ትራስ አልኩ። ማሽኑ ትራስ ከሌለው አይሠራም፣ አማኑ ነግሮኛል አለች። እየሳቀች ነው የምታወራው። አንድ ቀን፣ ከሁለት ዓመት በፊት ይሆናል፣ አማኑ ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። እሷ አቧራ ልትጠርግ ማሽኑን ብድግ አደረገችው፣ እሱም ክርር አለባት፣ ደንግጣ መልሳ አስቀመጠችው። አማኑ መጣ፣ ከፈተ፣ ዲስኩን አውጥቶ አየ። ምን ሆነ ልጄ ስትለው ምንም አይደለም እማ፣ ደክሞት ነው አላት። በማግስቱ ማሽኑን በጎኑ አቁሞ ትራሷን ወስዶ አስደገፈው። ይሄ ማሽን ትራስ ይወዳል አላት። እሷም የአበባ ጨርቅ ልብስ ሰፋችለት፣ ለትራሱ።

ይህን ስትናገር ፊቷ ላይ የጸጸት ምልክት የለም። ልጇ ቀልደኛ እንደነበር ነው የምትነግረኝ። አታውቅም።

እኔ ግን አወቅኩ። የቆየው ክብ የእሷ ነው። አማኑ እስኪሞት ድረስ ለወንድሙ እንኳ አልነገረም፣ እኛ ሪህ አለበት ወይ እያልን ስንስቅ አብሮን ሳቀ። እኔ ስድስት ቀን የተሸከምኩትን እሱ በአንድ ትራስ ጨረሰው። አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለዲስኩ መስሏት አጽናናችኝ፣ እሷ እኔን።

ትራሱን ከአልጋው አንስታ ሰጠችኝ። ጋሪው ላይ ታቅፌው ተመለስኩ። ሰው ያየኛል።

ዓርብ ግንቦት 28፣ ጠዋት 2፡20

መብራት መጣ። ማሽኑን በጎኑ አቆምኩ። ትራሱን አስደገፍኩ። ዲስኩን አስገባሁ። በአንዴ አልሆነም። ትራሱን ትንሽ ገፋ አድርጌ ዘንበል አደረግኩት።

ሙዚቃ። ስታዲየም። ዝርዝሩ። ካርዱ ላይ ቡሹሎ ይላል፣ ሠላሳ ጨዋታ ይላል። ሌላ ምንም አልነካሁም። በደንብ አጠፋሁት፣ ማሽኑንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ ሶኬቱንም።

የእማዬን ዳንቴል አጣጥፌ ላስቀምጠው አልኩና ተውኩት። ትራሱ ላይ አለበስኩት። ከገበያ ስትመጣ አይታ፣ እንዲህ ነው እንዴ የሚደረገው አለችኝ። እንዲህ ነው አልኳት።

ቅዳሜ ግንቦት 29፣ 11 ሰዓት

ታሪኩ ገባ። ከስቷል፣ ጠቁሯል። ሐይቁ ዳር ወሰድኩትና ቁጭ ሳንል ነገርኩት። ሊጉን መክፈቴን፣ አብርቼ መሄዴን፣ ዲስኩ መጫሩን፣ በስልክ መዋሸቴን። ረጅም መንገድ ሄደ። እኔም አጠገቡ ሄድኩ።

ከዚያ ስንት ለስንት ነበር አለኝ።

ሁለት ለአንድ፣ እየመራን። ማን አገባ አለ። ሁለቱንም አንተ አልኩት። የገባብንስ በየት በኩል ነው አለ። በግራ። በእኔ በኩል። ሳቀ፣ ሳቁ መሃል ላይ ተበላሸ። አልተቆጣሁም አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ተቆጥቻለሁ አለኝ። የቱ እንደሆነ ራሱም አላወቀውም።

የትራሱን ነገር እናቱ እንዳወራችኝ አወራሁት፣ ምንም ሳልጨምር። ቆመ። ገባው። አትንገራት አለኝ። አልነግራትም አልኩ። በእናንተስ ቤት ማሽኑን ማን አነሳው አለኝ። አብርቼ የሄድኩት እኔ ነኝ አልኩት። አየኝ፣ ሌላ አልጠየቀኝም።

በቃ። ለእማዬ አልነግራትም። የእኔን ድርሻ ለሚገባው ተናግሬያለሁ። የእሷን እኔው እይዘዋለሁ።

እሑድ ግንቦት 30፣ ጠዋት 4፡30

አንተ ሰኞ ነው ትላለህ፣ ተሳስተሃል። መብራት አለ። ሳሎኑ ሞልቷል። ታሪኩ ዱካ ላይ፣ እናቱ ከጎኑ፣ ከኋላቸው አክስትና አጎት። እማዬ ዳቦ አዙራ ጨርሳለች። እኔ ምንም ነገር እንዳልነካ ተከልክያለሁ፣ ጥግ ይዤ ካንተ ጋር ነኝ።

አነበበ። ቡሹሎ አለ። አሠልጣኝ አስቴር አለ። እትዬ አስቴር ተነስታ ፊደሎቹን በጣቷ አንድ በአንድ ነካች፣ መስታወቱ ላይ። ከዚያ ታሪኩ ሠላሳ አንደኛውን ጨዋታ እንደ አዲስ ጀመረ።

አማኑ የቱ ነው አለች። ቢጫ የለበሰው አላት። ከዚያ ወዲህ ኳሱን አታይም። ኳሱ ወዲያ ማዶ ሲሆን እንኳ እሱን ነው የምትፈልገው። ሲጠፋ ትጠብቃለች፣ ሲመጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ በግራ በኩል አመለጡኝ፣ አማኑ ተወርውሮ ያዘ። እልል አለች። ሁሉም አለቀሰ፣ አጎትየውም።

አሁን ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ። ዜሮ ለዜሮ። እማዬ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ትራሱ አልተጣመመም ወይ ትለኛለች። ተይው አልኳት። በሰው ፊት ያስነውራል ትላለች። እትዬ አስቴርም ሰምታለች፣ እውነትም ዘንብሏል፣ ዳንቴሉም ወድቋል እያለች ነው። እማዬ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሁለቱም እየተነሱ ነው። ታሪኩ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ስሜን ጠራኝ። ዲስኩ እየዞረ ነው። አጀንዳ፣ ልነሳ።